መልስ፦ የሳንባ ሽፋን ውኃ ውስጥ ሊምፎሳይት ሲበዛ

እህቴ፣ ጅማ ላብራቶሪያችሁ ለመጣው የሳንባ ሽፋን ውኃ «ሊምፎሳይቱ (አንዱ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ስለበዛ ካንሰር ነው?» ላልሽው፣ ብዛቱ ብቻውን አይፈርድም። በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ የእሱ ሊምፎሳይቶች በአብዛኛው ትንንሽና የበሰሉ ናቸው። በጊምሳ (የሕዋስ ማቅለሚያ) የተቀለመው ስላይድ ላይ ሁሉም አንድ መልክ ይዘው፣ ተለቅ ብለው፣ ኒውክሊዮለሳቸው (በሕዋሱ አስኳል፣ በኒውክሊየሱ፣ ውስጥ ያለው ነጥብ) ጎልቶ ካየሽ ሊምፎማን (የሊምፎሳይት ካንሰርን) ጠርጥሪ። ጥቁር ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም (ኒውክሊየሱን የከበበው የሕዋሱ ክፍል) ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለ ቡርኪት የሚባለውን የሊምፎማ ዓይነትም አስቢ። ብቻ አትቸኩዪ፤ ሳይቶስፒን (ሕዋሱን አሽከርክሮ ስላይድ ላይ የሚያሳርፈው መሣሪያ) ጤነኛውንም ሕዋስ ጨፍልቆ ኒውክሊየሱን ያጣምመዋል።

አስቸጋሪው ትንንሽ ሕዋስ ያለው ሊምፎማ ነው፤ እሱን በዓይን ለይቻለሁ የሚልሽን አትመኚ። ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋሳትን በላያቸው ባለው ምልክት በመሣሪያ የሚለይ ምርመራ) ወይም ሴል ብሎክ (ከውኃው ተሰብስበው በሰም የተያዙ ሕዋሳት) ላይ የሲዲ3ና የሲዲ20 ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ሲዲ3 የቲ፣ ሲዲ20 የቢ ሊምፎሳይት መለያ ነው። በቲቢ የሚበዙት ቲ ሕዋሳት ስለሆኑ፣ ቢ ሕዋሳት ካየሉ ነገሩ ሌላ ነው። ለዚህ ምርመራ ስለሚያስፈልግ የተረፈውን ውኃ እንዳትደፊው፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።