ለሙል ጠያቂዋ እህት

እህቴ፣ «ብራስልስ ነው ያለሁት፣ እሑድ ለባሌ ቤተሰብ ሙል በነጭ ሽንኩርት መረቅ ልሠራ ነው፣ ይከብዳል ወይ?» ብለሻል። ሙል (ጥንድ ጥቁር ዛጎል ውስጥ የሚኖረው ትንሽ የባሕር ፍጥረት) መቀቀሉ አይከብድም። ጣጣው ያለው ግዢው ላይ ነው። (ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ልትሉ የመጣችሁ፣ እሷ የጠየቀችው አሠራሩን ነው።)

1. ሙል ሲሸጥ በሕይወት መኖር አለበት። እሽጉ ላይ የታሸገበት ቀን ይጻፋል። በትኖ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴም የእሽጉን ወረቀት 60 ቀን ማስቀመጥ አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። እኔ ሰፈራችን ያለውን አሣ ሻጭ «ወረቀቱን አሳየኝ» ስለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እመቤት፣ ይሄ ሱቅ እንጂ ቢሮ አይደለም» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ያንቺም ባል እንደኔው ይሉኝታ የሚያጠቃው ከሆነ ይዘሽው አትሂጂ። የኔው «ተይ አታሳፍሪኝ» ብሎ ከፍሎ ወጣ።

2. ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም! ባሌ አሸዋው ይውጣ ብሎ በባልዲ የቧንቧ ውሃ ውስጥ አሳደረው። የባሕር ፍጥረት በቧንቧ ውሃ ይሞታል። ጠዋት ሁሉም አፉን ከፍቷል፤ በጣቴ ብነካው ንቅንቅ የለም። ሽታውን ተዪው። አራት ኪሎ ሙል ቆሻሻ ገባ። ሻጩ ጋ ስንመለስ «እናንተ ናችሁ የገደላችሁት» አለ። ባልዲው እውነት ነው፣ ግን ወረቀቱን እስከዛሬ አላሳየኝም።

ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጊና እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ፌስታል አትቋጥሪበት፣ ይታፈናል። ልትሠሪ ስትይ በሚወርድ ውሃ እጠቢው፤ ፂም የመሰለውን ክር ወደ ሹሉ ጫፍ ሳብ አድርገሽ ንቀይ። የተሰበረውን ጣይ። የተከፈተውን መታ መታ አድርጊው፤ ካልዘጋ እሱንም ጣይ።

3. ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ገደማ ያዢ፣ ዛጎሉ ነው የሚመዝነው። ሰፊ ድስት ውስጥ የገበታ ቅቤ አቅልጪ (ንጥር ቅቤ አይሆንም፣ ኮረሪማው ይውጠዋል)። ሽንኩርት፣ ሴለሪ፣ በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ጨምሪ፤ ነጭ ሽንኩርቱ እንዳይቀላ። አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ጠጅ፣ ካልፈለግሽ ውሃና ሎሚ። ጨው የሚባል ነገር እንዳትነኪ! ሙል ራሱ የባሕር ውሃ ይለቃል። ሲፈላ ሙሎቹን ገልብጪ፣ ክደኚ፣ እሳቱን ጨምሪ። አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ መሃል ላይ ክዳኑን በፎጣ ይዘሽ ድስቱን ወዝወዝ አድርጊው። ሲከፈት አውጪ፣ ከቆየ እንደ ጎማ ነው። እንቢ ብሎ የቀረውን ጣይ። ፓርስሊ በትኚበት። መረቁን ቀስ ብለሽ ቅጂ፣ አሸዋው ታች ይቀራል።

ይሄን ያስተማረኝ የለም። ምግብ ቤት ሳህን እያጠብኩ ሼፉን በዓይኔ ሰርቄ ነው። አሁን አማቴ ሙል ሲሆን ድስቱን ለኔ ትታ ሳሎን ትቀመጣለች።

አለርጂ ያለበት እንግዳ ካለ ቀድመሽ ጠይቂ። አብሮት የሚበላውን ፍሪት (የድንች ጥብስ) ከፍሪት ቤት አስመጪ፤ ሁለቱን ባንድ ምድጃ አትችዪውም።