የቆየችውን ስፖርት መኪና ለዲለር ልስጥ ወይስ ራሴ ልሽጥ?

ጥያቄ

ውድ የመኪና ዓምድ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በ2011 አንዲት የ2005 ሞዴል ሆንዳ ኤስ 2000 በ17,500 ዶላር ገዛሁ። ስገዛት 41 ሺ ማይል ሄዳ ነበር፤ ዛሬ 64 ሺ ላይ ናት። በበረዶ ወራት ሸፍኜ ጋራዥ ውስጥ ስለማቆማት ጨው የፈሰሰበት መንገድ አይታ አታውቅም። የቀየርኩት የጭስ ማውጫውን ብቻ ነው፤ የቀድሞውም ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጧል። በ2016 የቆመችበት ቦታ ላይ ሌላ መኪና የኋላ ባምፐሯን ስለጫረው ቀለም ተቀብቷል። አሁን ባለቤቴ መንታ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጆቹ በጁን ይወለዳሉ፤ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት መኪና ከእንግዲህ አትሆነንም። አዲስ ቶዮታ ሲዬና በ44 ሺ ዶላር ልንገዛ ስንሄድ ዲለሩ የእኔን መኪና በ12,500 ዶላር በትሬድ ኢን (ከአዲሱ ዋጋ ላይ አሳስቦ) እንደሚወስድና በዚያ ላይ ታክስ እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። አንድ አብሮ አደጌ ደግሞ 17 ሺ እሰጥሃለሁ ይለኛል፤ 5 ሺውን አሁን፣ የቀረውን በኦክቶበር እቁብ ሲደርሰው። ባለቤቴ «ለዲለሩ ስጥና እንገላገል» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

ቴ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ውድ ቴ.፣ አስቀድሜ ለመጪዎቹ ልጆች እንኳን ደስ አላችሁ፤ ባለቤትዎንም እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልልዎ። ምክሬን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ለዲለሩ አይስጡ፤ ለአብሮ አደግዎም ባቀረበው ዋጋና አከፋፈል አይስጡ፤ ጊዜ ስላለዎት ራስዎ ይሽጧት። ምክንያቴን ደግሞ በዝርዝር ልንገርዎ፤ ምክንያቱ የሚሠራው ለእንደዚህ ያለች መኪና ብቻ ስለሆነ ሌላ መኪና ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር።

ዲለሩ 12,500 ያለዎት ሊያታልልዎ ፈልጎ ነው ብዬ አላምንም። ሥራው የቤተሰብ መኪና መሸጥ ነው። ሃያ ዓመት ያለፋትን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውንና ካምቢዮዋ ማኑዋል የሆነውን መኪና ግቢው ውስጥ አቁሞ ገዢ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ዲለሮች ብቻ ወደሚገበያዩበት የጅምላ ጨረታ መላክ ይቀለዋል። ስለዚህ ዋጋ ሲያወጣ እዚያ ምን ያህል እንደምታወጣለት ይገምትና የማጓጓዣውን፣ የጨረታውን ክፍያና የራሱን ትርፍ ቀንሶ የቀረውን ይነግርዎታል። የሚያየው ሠንጠረዥ ዓመቱን፣ ማይሉንና አጠቃላይ ሁኔታውን እንጂ መኪናዋ በማን እጅ እንዴት እንደኖረች አይጠይቅም።

የእርስዎ መኪና ዋጋ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሆንዳ ኤስ 2000ን ያመረተው ከ1999 እስከ 2009 ብቻ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተተኪ አላወጣላትም። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ተሠርታ አታውቅም። ከ2004 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ የመጡት ሞተራቸው ከ2.0 ወደ 2.2 ሊትር አድጎ፣ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርስ የነበረው ጣሪያ ወደ 8,000 ወርዷል፤ የመጀመሪያዎቹን የሚመርጡም የኋለኞቹን የሚመርጡም ፈላጊዎች አሉ። ብዙዎቹ በውድድር ሜዳ አልቀዋል፣ ተጋጭተዋል ወይም ተርቦ ተገጥሞባቸው ከመጀመሪያ መልካቸው ወጥተዋል። በዚህ ምክንያት ንጹሕና ያልተነካካች ስትገኝ ከ20 ሺ ዶላር በላይ መሸጧ የተለመደ ነው። እንግዲህ የዲለሩ ብቻ ሳይሆን የአብሮ አደግዎም ዋጋ ዝቅ ያለ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት የቆየች ማዝዳ ሚያታ ለአንድ ዲለር በትሬድ ኢን ስሰጥ፣ የዘይት ቅያሬው፣ የፍሬኑ፣ የፍሪሲዮኑ ደረሰኝ ሁሉ በቅደም ተከተል የተቀመጠበትን ወፍራም ፖስታ አብሬ አቀረብኩ። ገማቹ ከፍቶ እንኳን ሳያየው «ይህን ያዘው፣ እኛ አያስፈልገንም» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛዋን ሚያታዬን በግል ስሸጥ ግን ገዢው ከሪችመንድ ድረስ መጥቶ፣ መኪናዋን ከማየቱ በፊት ቡናችንን እየጠጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አነበበ። የመጨረሻውን ገጽ ሲያጥፍ ዋጋው ላይ እንደማንከራከር ገባኝ፤ አልተከራከርንምም። ያው ወረቀት ለአንዱ ምንም ሳይሆን ለሌላው ገንዘብ የሚያወጣ ነበር፤ እርስዎም ያን ገንዘብ የሚያገኙት ወረቀቱን ከሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የቀድሞውን ጭስ ማውጫ ከቤዝመንት አውጥተው ያስገጥሙ፤ ኋላ የገጠሙትን ለብቻው ይሸጡታል ወይም አብረው ይሰጡታል። ሆንዳ የሻንሲ ቁጥር የታተመባቸውን ትንንሽ ተለጣፊዎች በኮፈኑ፣ በፓራፋንጎዎቹ፣ በበሮቹና በባምፐሮቹ ላይ ስለለጠፈ፣ ይህችን መኪና የሚያውቅ ገዢ በባትሪ እየፈለገ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። የኋላ ባምፐሩ ቀለም ሲቀባ ተለጣፊው ተነሥቶ ወይም ተሸፍኖ ከሆነ ሰውየው እርስዎ ሳይነግሩት ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግጭት ደብቀዋል ብሎ ያስባል። በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ከጥገናው በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ካለዎትም ይጨምሩት። በፓርኪንግ የተጫረ ባምፐር ገዢን አያሸሽም፤ የተደበቀ ነገር ግን ያሸሻል።

ገዢው በሚመጣበት ቀን ሞተሩን አስቀድመው አያሙቁ። ብዙ ሻጮች መኪናው በቀላሉ እንዲነሣ ብለው ያደርጉታል፤ አዋቂ ገዢ ግን ገና ሰላምታ ሳይጨርስ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ሞቆ ካገኘው ጥርጣሬ ይገባዋል። በዚህች መኪና የሞተር ሰንሰለት መወጠሪያው ሲያረጅ ድምፅ ማሰማቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ከቀዝቃዛ ስትነሣ መስማት ይፈልጋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ይንገራገጭ እንደሆነ፣ የጨርቅ ጣራው በመታጠፊያው በኩል ተበልቶ እንደሆነም ያያል። እርስዎ ቀድመው ይዩዋቸው። በራሱ ወጪ ወደሚያምነው ጋራዥ ወስዶ ላስመርምር ቢል ደስ ብሎዎት ይፍቀዱ። ለሙከራ ሲነዳ ግን አብረውት ይቀመጡ፤ መንጃ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አስቀድመው ይዩ፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ዙሩን ከፍ እንዳያደርግም በትሕትና ይንገሩት። ማኑዋል መንዳት የማያውቅ ከሆነ እርስዎ ይንዱለት እንጂ በእርስዎ ፍሪሲዮን አይማር።

አሁን ወደ ታክሱ ልምጣ፤ ዲለሩ የነገረዎት በቨርጂኒያ ትክክል አይደለም። የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ሲሆን የሚሰላው በሚገዙት መኪና ሙሉ ዋጋ ላይ ነው፤ የትሬድ ኢኑ ዋጋ አይቀነስለትም። ለ44 ሺ ዶላሩ ሲዬና 1,826 ዶላር ይከፍላሉ፤ ሆንዳዋን ለእርሱ ቢሰጡትም ባይሰጡትም ያው ነው። በብዙ ሌሎች ግዛቶች ግን ስለሚቀነስ ሻጩ ምናልባት ያን ሰምቶ ይሆናል። የሲዬናውን ዋጋም ስለ አሮጌዋ መኪና ምንም ሳያነሡ ለብቻው በጽሑፍ ይጨርሱ፤ ሁለቱ ዋጋዎች አንድ ላይ ሲቀላቀሉ በአንዱ የሰጡዎትን በሌላው መልሰው ሲወስዱ ለማየት ያስቸግራል።

ዋጋ ለመቁረጥ ሰዎች የሚጠይቁትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ይመልከቱ። ብሪንግ ኤ ትሬለር የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ያለፉ ሽያጮችን ከነፎቶግራፋቸውና ከነማይላቸው ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ የቆዩ መኪኖችን ኢንሹራንስ የሚሰጠው የሄገርቲ ኩባንያ የዋጋ መመሪያም ይረዳዎታል። ከእርስዎ ጋር የሚቀራረቡ ስምንት ወይም አሥር የ2004 እና የ2005 መኪኖችን ወስደው፣ የተቀባ ባምፐር ያላቸውን ለይተው ያነጻጽሩ። በጨረታው ለመሸጥ ከወሰኑ ብዙ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ በየዕለቱ መመለስ ይጠበቅብዎታል፤ ጊዜው ካለዎት ለእንደዚህ ያለች መኪና የተሻለው ገበያ ይህ ይመስለኛል። ጣራው የሚከፈት መኪና ፈላጊው የሚበዛው በጸደይ መጀመሪያ (በማርችና በኤፕሪል) ስለሆነ የልጆቹ መወለጃና የገበያው ጊዜ ለእርስዎ ገጥሟል።

የአብሮ አደግዎ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። እቁብ የታመነ ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ከተማ ስንቱ ቤት የገዛው፣ ንግድ የጀመረው በእቁብ ነው። የሚያሳስበኝ ገንዘቡ መምጣቱ ሳይሆን እስከ ኦክቶበር መኪናዋ የማን ናት የሚለው ነው። ታይትሉን (አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን) አሁን ፈርመው ከሰጡት መኪናዋ ሄደች፣ 12 ሺው ዶላር ግን በቃል ቀረ። ሳይፈርሙ ቁልፉን ከሰጡት ደግሞ እርሱ እየነዳ በእርስዎ ታርጋና በእርስዎ ኢንሹራንስ ሰው ቢገጭ ጣጣው ለእርስዎም ሊተርፍ ይችላል። ከልጅነት ጀምሮ የኖረን ወዳጅነት እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማሳረፍ አይገባም። በእውነት መኪናዋን የሚወዳት ከሆነ ለእቁቡ ዳኛ ነግሮ ዕጣው ቀደም ብሎ ከደረሰው አባል ጋር ተራ ይለዋወጥና በአንድ ጊዜ ይክፈል፤ እንዲያ ካደረገ ከገበያው ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢሸጡለት እኔም ደስ ይለኛል። እስከዚያ ግን ቁልፉ ከእጅዎ አይውጣ።

ሌላ ገዢ ሲገኝ ክፍያውን ገዢው ሒሳብ ባለው ባንክ ውስጥ ይቀበሉ፤ ቼኩን የባንኩ ሠራተኛ በዓይንዎ እያዩ ይጻፈው። ተጽፎ የመጣ የባንክ ቼክ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ቤትዎ ይዞት የሚመጣን አይቀበሉ። ታይትሉን የሚፈርሙት ገንዘቡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ በቨርጂኒያ የኖተሪ ማኅተም አያስፈልግም። ታርጋው የእርስዎ ስለሆነ ፈትተው ያስቀሩ፤ መሸጥዎን ለዲኤምቪ (ለግዛቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ያሳውቁ፤ ኢንሹራንሱን የሚያቋርጡት ታርጋውን ከመለሱ ወይም ወደ ሲዬናው ካዛወሩ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሁን። ከገዙበት 17,500 በላይ ከሸጧት ልዩነቱ ለፌዴራል ግብር የሚቆጠር ትርፍ ስለሆነ የግዢ ውሉን ፈልገው ያውጡ፤ ግብር ለሚሠራልዎ ሰውም ይንገሩት።

ለባለቤትዎ ደግሞ አንድ ቀን ቆርጠው ይንገሯቸው፤ እስከ ሜይ አጋማሽ ካልተሸጠች ወደ ዲለር እንደምትሄድ ቃል ይግቡላቸው። ያን ጊዜም አንድ ዲለር ብቻ አይጠይቁ። ያገለገሉ መኪኖችን የሚገዛውና የሚሸጠው ካርማክስ፣ ከእርሱ መኪና ባይገዙም ዋጋ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ዋጋውም ለ7 ቀን ይጸናል፤ ያንን ይዘው ሌሎች ሁለት ቦታ ያሳዩ። ሊወልዱ የደረሱ እናት በየቅዳሜው በራቸው ላይ እንግዳ ሰው ማየት እንደሚሰለቻቸው ስለሚገባኝ፣ ገዢዎቹን ቤት ሳይሆን በቀን፣ ሰው በሚበዛበት የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ቢያገኟቸው ይሻላል።

ጥያቄ

የ2005 ኒሳን 350ዜድ አለችኝ፤ አውቶማቲክ ናት፣ 138 ሺ ማይል ሄዳለች፣ ከአራት ዓመት በፊትም በጎን ተገጭታ ተጠግናለች። የ38 ሺ ዶላር መኪና ልገዛ ስል ዲለሩ 4 ሺ ሰጠኝ። ራሴ ብሸጣት 4,500 አገኛለሁ ብዬ አስባለሁ። ልድከም?

ሠ.፣ ከዳላስ

መልስ

ውድ ሠ.፣ አይድከሙ፤ ለዲለሩ ይስጡ። በቴክሳስ የመኪና ሽያጭ ታክስ 6.25 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ትሬድ ኢኑ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ላይ ነው። ስለዚህ ታክስ የሚከፍሉት በ38 ሺ ሳይሆን በ34 ሺ ላይ ሲሆን 250 ዶላር ይተርፍዎታል፤ የዲለሩ 4 ሺ በእርግጥ 4,250 ነው ማለት ነው። የቀረው 250 ዶላር ለፎቶግራፉ፣ ለስልኩ፣ ቀጥሮ ለሚቀረው ሰውና ስለ ግጭቱ ለሚነሣው ጥያቄ አይበቃም። ይህችን መኪና የሚወዱ ሰዎች በብዛት የሚፈልጉት ማኑዋሏንና ያልተገጨችዋን ስለሆነ፣ ቢጠብቁም የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ የሚመጣ አይመስለኝም። የአዲሱን መኪና ዋጋ ግን እርስዎም አስቀድመው ለብቻው ይጨርሱ።