ሻርኩ፣ ጅራታሙ ዓሣና ሜዱዛው፦ ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ሊወስዱ ላሰቡት እናት

የተከበሩ እኅቴ፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ በሐደራ ከተማ ከደረሰው የሻርክ አደጋ ወዲህ የባሕር ነገር እንደሚያስፈራዎት፣ ልጆችዎ ግን በበጋው ዕረፍት ኔታንያ ባሕር ዳርቻ ውሰጂን እያሉ እንደያዙዎት ጽፈው፣ «ሻርክ እዚያም ይመጣል ወይ? ያ በጅራቱ የሚወጋው ጠፍጣፋ ዓሣስ ይገድላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐደራ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ ባሕሩ ዳር መንጠቆ ስጥል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ያየሁትንና በራሴ የደረሰውን ላካፍልዎት።

ሻርኮቹ ወደ ሐደራ የሚመጡት ሰው ፍለጋ አይደለም። በከተማችን ያለው የኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ የባሕር ውኃ እየሳበ መሣሪያዎቹን ካቀዘቀዘበት በኋላ፣ የሞቀውን ውኃ በሐደራ ወንዝ መፍሰሻ በኩል መልሶ ወደ ባሕር ይለቅቀዋል። ባሕሩ በሚቀዘቅዝበት ወራት ሻርኮቹ ይህን ሙቀት ፈልገው ይሰበሰባሉ፤ ከኖቬምበር አካባቢ ጀምረውም እስከ ኤፕሪልና ሜይ ድረስ ይቆያሉ። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል፤ በብዛት የሚመጡት ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ የሚገርመው ከአንደኛው ዓይነት የሚበዙት እንስቶቹ፣ ከሌላኛው ደግሞ ወንዶቹ መሆናቸው ነው። በአንድ የፌብሩዋሪ ጠዋት ልጄን ይዤ መፍሰሻው ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ከውኃው ላይ ስስ እንፋሎት እየተነሣ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ግራጫ ጀርባ ብቅ አለ፤ ክንፉ ውኃውን ድምፅ ሳያሰማ እየሰነጠቀ አለፈና ከሥሩ ረዥም ጥላ ተከተለው። ልጄ እጄን ጨምቆ «አባዬ፣ እኛን እያየ ነው?» አለኝ። ሻርኩ ግን ወደ እኛ ዞር እንኳ ሳይል ሙቀቱን ይዞ ሄደ።

የአንድ ሰው ሕይወት የጠፋው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2025 ነው፤ በእስራኤል ሻርክ ሰው ገደለ ሲባል እጅግ ብርቅ ነው። ከተማው ሁሉ ነው ያዘነው፤ የምጽፈውም ሟቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ስፍራው የሚጎርፈው ሕዝብ እየበዛ መሄዱን፣ ዓሣ እየወረወረ ሻርኮቹን ወደ ራሱ የሚጠራ፣ አልፎም ሊነካቸው የሚሞክር ሰው መኖሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ሲያይ ምግብ ትዝ የሚለው አውሬ ከሰው አይሸሽም፤ ይቀርባል። ብዙ ሆነው ባንድ ስፍራ ሲሻሙ ደግሞ የአንዱ መቅረብ ሌላውን ይጠራል። ዋና ባልተፈቀደበት በዚያ መፍሰሻ አጠገብ፣ በክረምትም ሆነ በፀደይ፣ ልጆችዎን ወደ ውኃ እንዳያስገቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

የኔታንያው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በሜዲትራኒያን ባሕር ሻርክ የለም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ተሰብስበው የሚታዩበት ስፍራም ወቅትም ሌላ ነው። በመላው ዓለም እንኳ ቁጥሩ ብዙዎቻችን ከምንገምተው እጅግ ያነሰ ነው፦ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ ሰው ሳይተነኩሳቸው ሻርኮች ነከሱ ብሎ ያሰፈረው በ2023 69፣ በ2024 ደግሞ 47 ጊዜ ሲሆን፣ በ2024 ከተነከሱት መካከል የሞቱት 4 ነበሩ። በጁላይ፣ ነፍስ አድን ዋናተኞች ባሉበት የኔታንያ ዳርቻ ሻርክ ልጆችዎን ይጎዳል ብዬ አልሰጋም፤ የራሴንም ልጆች እወስዳለሁ።

ጠፍጣፋውን ዓሣ፣ እዚህ ዓሣ አጥማጆቹ ሐቱል ያም፣ ማለትም የባሕር ድመት የሚሉትን፣ በእግሬ ነው ያወቅሁት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ገና ጎሕ ሲቀድ መንጠቆዬን ልጥል ከጉልበቴ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ስራመድ፣ አንድ ለስላሳ ነገር ረገጥኩ። የምጣድ አክንባሎ የሚያህለው ዓሣ አሸዋ ለብሶ፣ ዓይኖቹን ብቻ አውጥቶ ተኝቶ ኖሯል፤ ስረግጠው ጅራቱን ወደ ላይ ወርውሮ ቁርጭምጭሚቴን ወጋኝ። ሕመሙ መጀመሪያ የመርፌ ያህል ነበር፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይቆይ ግን ጭኔ ድረስ ወጥቶ ላብ በላብ አደረገኝ። በሄድኩበት ክሊኒክ ያገኘችኝ ነርስ በረዶ አሰረችልኝና ጭራሽ ባሰብኝ። አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በረዶውን አስወልቆ በባልዲ ሙቅ ውኃ አስመጣና እግሬን ነከረልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ እንደተፈታ ገመድ ላላ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው፦ በእሾሁ ላይ ያለው መርዝ ከፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ ሙቀት ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ልጅዎ ቢወጋብዎት፣ ቆዳ በማያቃጥል መጠን፣ ይኸውም እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ውስጥ እግሩን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆዩለት፤ የተጎዳው እግር ሙቀቱን በትክክል ላይለየው ስለሚችል ውኃውን አስቀድመው በራስዎ እጅ ይሞክሩት። ከዚያም ሐኪም ይየው፤ እሾሁ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው በመሆኑ ስባሪው ውስጥ ቀርቶ ቁስሉን ሊያመረቅዘው ይችላል፤ የቴታነስ ክትባቱም መታየት አለበት። ይገድላል ወይ ላሉት፣ ገድሎ ያውቃል፤ አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኧርዊን በሴፕቴምበር 2006 የሞተው በዚህ ዓይነት ዓሣ ደረቱ ላይ ተወግቶ ነበር። ይህ ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወጋው እግሩን ነው። እሾህ ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ ተሰክቶ ከቀረ ሳይነቅሉት ወዲያው ወደ አምቡላንስ፣ 101 ይደውሉ። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እግራቸውን እያነሱ ከመርገጥ ይልቅ አሸዋውን እየጎተቱ እንዲሄዱ ያስተምሯቸው፤ ዓሣው ንዝረቱ ሲሰማው ራሱ ይሸሻል።

በበጋ ልጆችዎን የሚያስለቅሳቸው ምናልባት ሜዱዛው፣ ማለትም ጄሊፊሽ የሚባለው አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ፣ ይሆናል። በስዊዝ ቦይ በኩል መጥቶ ከ1970ዎቹ ወዲህ በዳርቻችን የሚታየው ነጭ ሜዱዛ፣ በአብዛኛው በጁንና በጁላይ መንጋ ሆኖ ይደርሳል፤ በ2011 የዚሁ የሐደራ ማመንጫ የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያ ሳይቀር በሜዱዛ ተዘግቶ ነበር። የነካውን ቆዳ በባሕር ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይጠቡ፤ በአሸዋም አይሹት፤ ሁለቱም ቆዳው ላይ የቀሩትን ያልፈነዱ መርዛም ሕዋሳት ያፈነዷቸዋል። ኮምጣጤ ለአንዳንድ ዓይነት ይረዳል፣ ሌላውን ያባብሳል፤ እኔ አልጠቀምበትም። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ግን 101 ነው።

እኅቴ፣ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለልጆችዎ የምፈራው ወደ ውስጥ የሚጎትተውን የውኃ ሞገድ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ባሕር በሌለበት አገር በመሆኑ የባሕርን ጉልበት በወንዝ እንለካለን። ነጭ ባንዲራ ሲሰቀል ይግቡ፤ ቀይ ከሆነ ልጆቹን ከዳር አያርቋቸው፤ ጥቁር ከሆነ እግርም አይንከሩ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ዳር ላይ ከሚያጠምድ ሰው ዓሣ ተሰጥቶዎት፣ ቆዳው ተገፍፎ ራሱም ተቆርጦ ከሆነ አያብስሉት። ዓሣ አጥማጆቹ አቡ ናፍሐ የሚሉት ሆዱን የሚነፋ ብርማ ዓሣ፣ ጥርሶቹ ሲታዩ በቀላሉ ይለያል፤ ተገፍፎ ከመጣ ግን እኔም ልለየው አልችልም። መርዙ በማብሰል አይጠፋም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በእስራኤል 13 ሰዎች በልተውት ተመርዘዋል።