ያየሁት አይቆይልኝም

ባለፈው ቅዳሜ ጊዮርጊስ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ አንድ የጎረቤት ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዘንድሮ በነርስነት ተመርቋል። «ጋሼ፣ አያቴ ከገበያ ስትመለስ የገዛ በሯን አልፋ ሄደች። ይኼ ሁለተኛዋ ነው። እርጅና ነው አይደል?» አለኝ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። የዘንድሮ ልጆች ጥያቄውንም መልሱንም ይዛችሁ ነው የምትመጡት።

«አዎ» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይህን መልስ ከዚህ በፊት ለአንድ ሰው ሰጥቼዋለሁ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ባሕር ዳር የዓይን ነርስ ነበርኩ። አንድ የዘጌ አዛውንት በልጃቸው ተመርተው መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በታንኳ እንጨት ወደ ከተማ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በታንኳ ሄዳችሁ ታውቁ ይሆን? እኔ ልጅ ሆኜ አንዴ ተሳፍሬያለሁ። ደንገሉ ውኃ ይመጥጣል፤ ሱሪዬ እንደራሰ ቤት ገብቼ እናቴ የገረፈችኝን አልረሳውም። ለማንኛውም፣ ሐይቁ ላይ ምልክት የተጻፈበት ሰሌዳ የለም። የሚመራህ ያየኸው ነው፤ ያቺ ደሴት፣ ያ ዛፍ፣ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት።

የሰውየው ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ለብሰዋል። አንዱ ተሠራላቸው። በማግስቱ ፋሻውን የፈታሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያዩት እጄን ነበር። «ጥፍርህን ተቆረጥ» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሁለት ወር ቆይተው ተመለሱ። ልጅቷ ተናዳለች። ከተሠሩ ወዲህ ጭራሽ ባሰባቸው አለች። በቡናው መሃል ያለው የለመዱት መንገድ ይጠፋቸዋል፤ ታንኳቸውን የት እንዳቆሙት አያገኙትም። ሰንጠረዡ ፊት አቆምኳቸው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የምናሳየው ነው፤ ባለ ሦስት እግር ምልክት እግሩን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ያዞራል፣ ታካሚው በጣቱ ያሳያል። አንድም አልሳቱም።

«ታዲያ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አያለሁ። ያየሁት ነው የማይቆይልኝ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቼ የግድግዳውን ሥዕል አየዋለሁ፣ ዞር ስል የለም። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ ከዳር እስከ ዳር እነግርህ ነበር።»

ውጭ ወረፋው ግቢውን ሞልቷል። ምሳ አልበላሁም። «ዓይንዎ ድኗል አባቴ፤ ሌላው እርጅና ነው» አልኩ። ወደ ልጅቷ ዞሬም «ምንም የለባቸውም» አልኳት።

ሰውየው እኮ ሕመማቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኛል። ዓይን የሚያየውን አንጎል ተቀብሎ ካላስቀመጠው፣ ሞራ ቢገፈፍ ምን ይሆናል? ለማስቀመጡ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚጎዳቸው ቦታዎች አንዱም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አንድሬ ሬይ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለዚህ የሚሆን መፈተኛ አወጣ። ሰውየው አንድ የተወሳሰበ ሥዕል እያየ ይገለብጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሳያይ እንዲደግመው ይጠየቃል። ችግሩ የጀመራቸው ብዙዎች ሲገለብጡ ደህና ናቸው፤ በኋላ ግን ግማሹ ሥዕል ይጠፋል። የእኔ ሰንጠረዥ የሚለካው ያንን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

እርግጥ እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ ሰው ሥዕል ማስገልበጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሲኒ፣ ቁልፍና ሳንቲም እያዩ ደብቆ፣ ወሬ ካወሩ በኋላ የት እንዳለ መጠየቅ ይቀላል። በእሱ ብቻ ግን ሰውን በሽተኛ ማለት አይቻልም።

አሁን ስም አለው፤ መለስተኛ የግንዛቤ መቀነስ ይሉታል። ከዕድሜ እርሳታ ይብሳል፣ የዕለት ኑሮን ከሚያውከው የአእምሮ መድከም፣ ከዲሜንሺያ፣ ይቀላል። ሰውየው የዕለት ሥራውን አላቆመም፣ ግን የሆነ ነገር እየሸሸው ነው። የያዘው ሁሉ ወደ አልዛይመር አይሄድም። ባለበት የሚቆይ አለ፣ የሚሻለውም አለ። አንዳንዴም ከሥሩ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት ወይም የሚዋጥ መድኃኒት ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ይታከማል። ግፊትና ስኳር ተቆጣጠሩ የሚለውን ሬዲዮኑም ስለሚለው አልደግምላችሁም።

በዓመቱ ልጅቷ የራሷን ልጅ ዓይን ልታሳይ መጣች። አባቷን ጠየቅኳት። አንድ ምሽት ታንኳቸው ደንገል ውስጥ ተሰክቶ፣ በብርድ ደርቀው ተገኙ። ተረፉ። ከዚያ በኋላ ወንድሞቿ ታንኳውን ወሰዱባቸው። ደጃፍ ተቀምጠው ሐይቁን ሲያዩ ይውላሉ።

«ዶክተር» አለችኝ፤ ያኔ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ምንም የለባቸውም ሲሉን ጊዜ፣ ሆን ብለው የሚያስቸግሩን መስሎን ስንቆጣቸው ከረምን።»

ሰው እንዲህ ስትልህ ምን ትመልሳለህ? የልጁን ዓይን አየሁና ጠብታ ሰጠኋት።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። እናንተ ሁሉን ለስልክ አስረክባችሁ መንገድ እንኳ በዓይን መያዝ ትታችኋል ብዬ ልቆጣው ነበር። ግን እኔም 70 ሊሞላኝ ነው፤ መኪናዬን ያቆምኩበትን ፎቶ አነሳለሁ። አያቱ የሚያውቋት ሰማያዊ ኪዮስክ ደግሞ ለኮሪደር ልማቱ ፈርሳለች አለኝ። እሷን ምልክት አድርገው ከነበረ ማንም ይስታል። ቢሆንም ሁለቴ ነው። ለማንኛውም ውሰዳትና ትመርመር፣ የምትውጠውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ፣ ዓይኗም ይታይ አልኩት። እሺ ብሎ ተነሳ።

«ቆይ» አልኩት። «በሯን አልፋ የሄደች ዕለት ምን አላችኋት?»

ዝም አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ተመልሶ ተቀመጠ።