የመርከቡ ቀብድና 17ኛው ሰው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። 17 ጓደኛሞች ነን፤ ከፊሎቻችን ደሴ፣ ከፊሎቻችን ኮምቦልቻ እንሠራለን። በጥር ወር ከዱባይ ተነስቶ ኦማን ደርሶ በሚመለስ መርከብ የሦስት ሌሊት ጉዞ ልንሄድ አሰብን። ዋጋው ርካሽ ነው። እያንዳንዳችን 30,000 ብር አዋጣንና 480,000 ብር አዲስ አበባ ላለ የጉዞ ወኪል ከፈልን። አስተባባሪው እኔ ነኝ። አሁን ሦስት ልጆች ቀሩ። አንዷ ወለደች፣ አንዱ ቪዛ ተከለከለ፣ አንዱ ሐሳቡን ቀየረ። ወኪሉ ‹ቀብድ አይመለስም› አለ። ልጆቹ ደግሞ ‹እኛ የምናውቀው አንተን ነው› ብለው ሊከሱኝ ነው። ‹ችግር ካለ እኔ አለሁ› ብያቸው ነበር፤ ግን ለወጉ ያህል ነው። ወኪሉን በሕግ ማስገደድ እችላለሁ? እነሱስ እኔን መክሰስ ይችላሉ?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ጋሼ ስላልከኝ አንተ ብልህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ካልኩሌተር ይዤ ነበር።

480,000 ለ30,000 ሲካፈል 16 ነው። እናንተ 17 ናችሁ። «እያንዳንዳችን» ብለሃል፤ አንድ ሰው ግን አልከፈለም። ካልተሳሳትኩ ያ ሰው አስተባባሪው ነው።

ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። በመርከብ ጉዞ ንግድ የታወቀ አሠራር ነው። ብዙ ኩባንያዎች አንድ ቡድን በርከት ያሉ ክፍሎች ከያዘ ለአስተባባሪው አንድ ቦታ በነፃ ይሰጣሉ። ስትሮጥ፣ ስትደውል፣ ፓስፖርት ስትሰበስብ ለከረምክበት ቢሰጡህ ነውር የለውም። ግን ጓደኞችህ ያውቃሉ? ቢያውቁ ኖሮ ደብዳቤህ ላይ ትጽፈው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? የሰው ገንዘብ ይዘህ በሰው ጉዳይ ስትዋዋል በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ነህ። ስለ ውክልና ከቁጥር 2199 ጀምሮ ያለውን ተመልከት። ማኅተም ያለበት የውክልና ወረቀት አለመኖሩ አያድንህም፤ ውክልና በዝምታም ይመሠረታል። ወኪል ደግሞ ሁለት ከባድ ግዴታ አለበት። በተጠየቀ ጊዜ ሂሳብ ያሳያል። ወካዮቹ ሳያውቁ ከሥራው ጥቅም አያገኝም። ስለዚህ ልጆቹ መክሰስ ይችላሉ። መክሰስና መርታት ለየቅል ናቸው፤ ነገር ግን ነፃ ቦታህ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት አፍ ከተሰማ፣ ለሦስቱ ልጆች ያለህ ጥሩ መከላከያ ሁሉ ይበላሻል። ዳኛው «ይህን የደበቀ ሌላስ ምን ደበቀ?» ማለቱ አይቀርም። የለም፣ የራሴን ለብቻ ከፍያለሁ የምትል ከሆነም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ደረሰኙን ብቻ አሳየኝ።

ወደ ጉዞ ወኪሉ እንሂድ። ደንበኞቼ በየዓመቱ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ነው ያለው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ከመቀነታቸው አራት ላይ የታጠፈ የደብተር ወረቀት ፈቱ። ለልጃቸው ሠርግ ድንኳንና ወንበር የተከራዩበት ነው። ከዋጋው አብዛኛውን ከፍለዋል። ሠርጉ በሐዘን ተላለፈና ገንዘባቸውን ጠየቁ። ወረቀቱ አንዲት መስመር ናት፤ ብሩ በአኃዝ ተጽፎ «ቀብድ ተቀብያለሁ» ይላል። ላብ የነካው ቦታ ቀለሙ ወጥቷል። «ልጄ፣ ቀብድ ማለት መያዣ አይደል እንዴ?» አሉኝ።

በአፋችን አዎ። ለቤትም፣ ለመኪናም፣ ለበግም አስቀድሞ የተከፈለውን ሁሉ ቀብድ እንላለን። በሕጉ ግን ቀብድ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ዋናው ቁጥር 1885 ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ቀብድ የተቀበለውም ማፍረስ ይችላል፤ እሱ ግን እጥፉን ይመልሳል። የመውጫ ዋጋ በለው። ከፍለህ ትወጣለህ፣ ምክንያትህን የሚጠይቅህ የለም።

ቅድሚያ ክፍያ ሌላ ነው። እሱ የዋጋው ክፋይ ነው። ውሉ ከፈረሰ ሻጩ ጠቅልሎ አይበላውም። ባንተ ጥፋት ከሆነ የደረሰበትን ኪሳራ አስረድቶ ያንን ያህል ያስቀራል፣ የተረፈውን ይመልሳል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየው ግን በአንዲት ቃል ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ሁልጊዜ የሚጽፋት ተቀባዩ ነው። ሰጪው ብሩን እየቆጠረ ነው፣ የሚጻፈውን አያይም።

ያንተ ወረቀት ምን ይላል? አልነገርከኝም። «ቀብድ» የሚለው ቃል በደብዳቤህ የመጣው ከወኪሉ አፍ ነው። ደረሰኙ ላይ ከሌለ ወኪሉ ዛሬ ስለፈለገ ብቻ ገንዘቡ ቀብድ አይሆንም። ደረሰኙ ላይ ካለም ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። ዳኛ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተዋዋዮቹን ሐሳብ ያያል፤ የከፈላችሁት የጉዞውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ከሆነ «ይህ ዋጋ ነው እንጂ ቀብድ አይደለም» የሚል ጠንካራ ክርክር አለህ። የማስረዳት ሸክሙ ግን ትከሻህ ላይ ይወድቃል። እናታችንም የገጠማቸው ይሄው ነው። በመጨረሻ በሽምግልና ግማሹን አግኝተው ሄዱ፤ ወረቀቱ «ቅድሚያ ክፍያ» ቢል ኖሮ በግማሽ አላስማማቸውም ነበር።

ደግሞም ቀብድ ነው እንበል። 14 ሰው ገና ይሄዳል፤ ውሉን አላፈረሳችሁም። ወኪሉ በምን ሒሳብ ነው ስለ 480,000 ብር የሚያወራው? ቢበዛ ክርክሩ በሦስቱ ልጆች 90,000 ብር ላይ ነው። ቀብድ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ መሆኑንም አስታውሰው። ነገ እሱ ራሱ ጉዞውን ቢሰርዝ እጥፉን ይከፍላል። ወኪሎች ይህቺን ግማሽ አይነግሯችሁም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቀው፦ የቦታ ማስያዣ ቁጥር። በዚያ ቁጥር የመርከቡን ኩባንያ በቀጥታ መጠየቅ ትችላለህ። ቦታው በእርግጥ ተይዟል? ስንት ገንዘብ ደርሶታል? የመርከብ ኩባንያዎች የመሰረዣ ቅጣታቸው በደረጃ ነው። ቀኑ ሲርቅ ትንሽ ይቆርጣሉ፣ እየቀረበ ሲሄድ ይጨምራሉ፣ መጨረሻው አካባቢ ሙሉውን ያስቀራሉ። ስለዚህ እያንዳንዷ የምትጨቃጨቁባት ሳምንት ገንዘብ ናት። ቁጥሩን አልሰጥም ካለህ፣ ወይም ኩባንያው «እንዲህ ያለ ቡድን አናውቅም» ካለ ጉዳዩ የቀብድ መሆኑ ያበቃል። ያኔ የምናወራው ስለ ወንጀል ሕጉ ቁጥር 692፣ ስለ ማታለል ነው። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ያለ ጠበቃ ፖሊስ ጣቢያ አትሂድ።

ሦስቱ ልጆች እኩል አይደሉም። ሐሳቡን የቀየረው ኪሳራው የራሱ ነው። ቪዛ የተከለከለው ደግሞ ወኪሉ «ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ» ብሎ ከነበረ ጥያቄ አለው፣ ካላለ ይከብደዋል። የወለደችውን እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት፤ ብዙ መርከቦች ከስድስት ወር በታች ሕፃን አያሳፍሩም፤ ስለዚህ ይዘሽው ነይ የሚለውን ምክር ተዉት። ለሦስቱም የሚያዋጣው በምትካቸው ሌላ ሰው መተካት ነው። ብዙ ኩባንያዎች ጊዜው ሳያልፍ ስም መቀየር ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዴ በትንሽ ክፍያ። ይህን ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቅ። ዋጋው ለሁለት ሰው በአንድ ክፍል የተሰላ ስለሚሆን፣ አንዱ ሲቀር ብቻውን የቀረው ጓደኛው ጭማሪ ሊጠየቅ ይችላል። አራተኛ ጠብ እንዳይመጣ።

ስለምትሄዱት 14ም አንድ ነገር ልጨምር። መርከቡ ከዱባይ ወጥቶ ኦማን ደርሶ ይመለሳል ብለሃል። ሲመለስ ኤምሬትስ የምትገቡት እንደገና ነው። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ችግር ውስጥ ናችሁ። ፓስፖርታችሁም ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይኑረው። ርካሽ የተባለው ዋጋ የወደብ ታክስና የየዕለቱን የአገልግሎት ጉርሻ ይጨምር እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይጨምርም። እኔ የተሳፈርኩበት ብቸኛ ጀልባ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ዋጋ አንድ ብቻ ነው።

«እኔ አለሁ» ያልከው ለወጉ ነው ብለሃል። ወሎ ውስጥ ወግ ነው፤ እውነትህን ነው። ዋስ ትሆናለህ ብሎ የሚከራከርህ ካለ፣ ዋስትና በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጠቀሰበት እንደማይጸና ሕጉ ይናገራል፤ ቁጥር 1725ንና 1922ን ተመልከት። ግን ቴሌግራም ላይ በድምፅ «ብትቀሩ እመልስላችኋለሁ» ብለህ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ምን እንዳልክ ቃል በቃል አውጣው። ግሩፑን እንዳታጠፋው! አንድ ደንበኛዬ ተናድዶ አጠፋውና የሚጠቅመውም አብሮ ጠፋ።

ሌላው ፍርሃቴ ቀሪው ክፍያ ነው። እዚህ ብር ተቀብሎ እዚያ በድርሃም የሚከፍል ሰው አግኝተሃል የሚል ሽታ ሸቶኛል። ደብዳቤህ ላይ የለም፤ ከብዙ ደብዳቤ ግን ተምሬያለሁ። አታድርገው። ፈቃድ ካለው ባንክ ወይም የምንዛሬ ቢሮ ውጭ የውጭ ምንዛሬ መገበያየት በሕግ ያስጠይቃል፤ ገንዘቡ ቢጠፋም ፍርድ ቤት ይዘኸው የምትቀርበው ወረቀት አይኖርህም።

ክሱ ወኪሉ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ቦታ ይቀርባል። አዲስ አበባ መመላለስ እንዳለ አስብ። ከዚያ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላካል። ማስጠንቀቂያውን ራስህ አትጻፈው። «ቀብዳችንን መልስ» ብለህ ትጽፍና ክርክሩን በገዛ እጅህ ትዘጋዋለህ።

ወኪሉ ቢሮ ሄደህ ከመጮህህ በፊት ልጆቹን ሰብስባቸው። ቡና ይፈላ። የባንክ ወረቀቱን፣ የወኪሉን ደረሰኝና የተያዙትን ክፍሎች ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ አድርግ። ነፃ ቦታህን ራስህ ንገራቸው፣ አንተው ቀድመህ። ዋጋው ለ17ቱ ይካፈል ካሉ ተቀበል፤ ለሦስቱ ኪሳራም ማስታገሻ ይሆናል። የተስማማችሁበትን ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት፤ ሁለት ምስክርም ይፈርም። ከዚያ ወረቀቶቹን ይዘህ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሂድ፤ እዚያው ደሴ ብዙ አሉ። ወደ እኔ ከመጣህም ደህና። ስትመጣ ግን የ17ኛውን ሰው ደረሰኝ እንዳትረሳ።