ሰውየው እንዴት ሊጽፍላት ቻለ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከንጋት እስከ ምሽት እዚያው ነኝ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ስልክ የገዛንላት መምህራኖቿ ጥያቄና ማስታወሻ በቴሌግራም ስለሚልኩ ነበር። ሲሙ የወጣው በእኔ ስም ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስነሳ ብርድ ልብሷ ውስጥ ብርሃን አየሁ። ቲክቶክ ላይ ነበረች። ስልኩን ስቀበላት ደነገጠች፤ ድንጋጤዋ አላማረኝም። ከፍቼ ሳየው አንድ የማናውቀው ሰው እዚያው ቲክቶክ ላይ ወር ሙሉ ሲጽፍላት ከርሟል። «ቆንጆ ነሽ፣ ሞዴል አደርግሻለሁ፣ ፎቶ ላኪልኝ» ይላታል። ሁለት ጊዜ የፊቷን ፎቶ ልካለታለች። ሌላ ምንም እንዳልላከች «ማርያምን» ብላ ማለችልኝ። አመንኳት።

አባቷ ሲሰማ ስልኩን ነጥቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። «ከክፍላችን ቲክቶክ የሌለኝ እኔ ብቻ ልሆን ነው» ብላ አለቀሰች። እስካሁን ከአባቷ ጋር አይነጋገሩም። እሱ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዘግታለች። የእኛስ መንግሥት ለምን አይዘጋውም?»

እኔ ግን «ይዘጋ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። በ2015 ዓ.ም ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋብን ታላቋ ልጄ አረብ አገር ነበረች። የምንገናኘው በኢሞ ነበር። ለወራት ፊቷን ሳላይ ቆየሁ። በምን ሁኔታ ላይ ትሆን እያልኩ ስንት ሌሊት እንደተገላበጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ደግሞ ትንሿ ላይ ይሄ መጣ። ይዘጋ ልበል ወይስ አይዘጋ?

እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

*

እህቴ፣

መጀመሪያ ስለ ሰውየው። አባቷ ስልኩን መቆለፉ ይገባኛል፤ ግን ማስረጃውም አብሮ ተቆልፏል። ስልኩን አውጡትና ምንም ሳታጠፉ መልእክቶቹን በሙሉ ስክሪን ሾት አድርጉ። የአካውንቱ ስም ይታይ። ከዚያ ሪፖርት አድርጉት፣ ቀጥሎ ብሎክ። ፎቶዋን ይዞ ማስፈራራት ከጀመረ ወይም የራቁት ፎቶ ከጠየቃት ሳይውል ሳያድር ፖሊስ ጋ ሂዱ። ልጅሽን ግን «ለምን ላክሽ?» እያላችሁ አትመላለሱባት። እውነቱን ነግራሻለች። ነገ ሌላ ነገር ቢገጥማትም ወደ አንቺ እንድትመጣ ነው የምንፈልገው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰውየው እንዴት ሊጽፍላት ቻለ?

የቲክቶክ የራሱ ደንብ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በግል መልእክት እንዲላላክ አይፈቅድም። የ14 ዓመት ልጅ አካውንትም ከጅምሩ ለማያውቁት ሰዎች ዝግ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ስትመዘገብ የትውልድ ዓመቷን ቀይራ ሞልታለች ማለት ነው። አትቆጫት፤ ስንቱ ልጅ የሚያደርገው ነው። አንዲት ቁጥር ነካች፣ በሩ ተከፈተላት። «እውነት ይሄ ዕድሜሽ ነው?» ብሎ ያጣራ የለም።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ኩባንያው ልጅሽ የትኛው ቪዲዮ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየች ያውቃል። በዚያ ላይ ተመርኩዞ ነው ቀጣዩን የሚያመጣላት። ዕድሜዋን ለማወቅ ግን ራሷ የሞላችው ቁጥር በቃው። ደንቡ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሚያስፈጽመው የለም።

ወደ አውስትራሊያ ልምጣ። ባለቤትሽ እውነቱን ነው፤ ሕጉ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ እየሠራ ነው። ግን እዚያ የተዘጋ ኔትወርክ የለም። ሕጉ የሚለው ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብና መሰሎቻቸው ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዳይኖረው በቂ እርምጃ ይውሰዱ ነው። ካልወሰዱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣሉ። ልጁ አይቀጣም፣ ወላጁም አይቀጣም። እንደ ዋትሳፕ ያለ መልእክት መላላኪያ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አልገባም። እንዲህ ያለ ሕግ ታላቋን ልጅሽን ከአንቺ አይለያትም። አንቺ የምትፈሪው መዝጋትና ይሄ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸውልሽ። ኩባንያው ዕድሜ እንዲያጣራ የሚያስገድድ ሕግ እኛም ጋ ይውጣ እላለሁ፣ ከልቤ። ኔትወርኩን ማጥፋት ግን አይሁን። ጎጃም ውስጥ ያንን ማንም ሊያስረዳን አይችልም፤ ኖረንበታል። ልጆችን ከክፉ ሰው አልጠበቀልንም። እናትን ከልጇ ነው የቆረጠው። በዚያው በ2015 ዓ.ም፣ ከየካቲት ጀምሮ፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ታግደው ነበር። እገዳውን የሚያሳልፈውን፣ ቪፒኤን የሚባለውን ያኔ ማን አስተማረን? ልጆቻችን አይደሉም እንዴ?

ሕጉ ቢወጣም ሁሉን ይፈታል ብዬ አልዋሽሽም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የኢንተርኔት ጌም እንዳይጫወቱ ከልክላ ነበር። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር ይገቡ ጀመር። ከ10 ዓመት በኋላ መንግሥት ራሱ ሕጉን ለመተው ወሰነ። ያንቺ ቤት ደግሞ ሲሙ በስምሽ ነው። በስልክ ቁጥር ዕድሜ ይጣራ ቢባል የሚታየው ያንቺ ዕድሜ ነው። ይህን ያሰበ ሕግ ነው የሚያስፈልገን።

ሕጉ እስኪመጣ ግን ልጅሽ 14 ዓመቷ ነው፣ ፈተናዋም ዘንድሮ ነው። ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ አሮጌው አካውንት ይጥፋ። ቲክቶክ የግድ ካለች በእውነተኛ ዕድሜዋ አዲስ ትክፈት። ያኔ የማታውቀው ሰው ሊጽፍላት አይችልም። አንቺም በራስሽ ስልክ የቲክቶክ አካውንት ክፈቺና ፋሚሊ ፔሪንግ በሚባለው፣ የወላጅንና የልጅን አካውንት በሚያገናኘው፣ ከእሷ ጋር ተገናኚ። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቆይ አንቺ ትወስኛለሽ። እንዴት እንደሚሠራ እሷው ታሳይሽ፤ ደስ ይላታል።

ማታ ስልኩ ሳሎን ይደር፣ ቻርጀሩም እዚያው ይሰካ። ያንቺም፣ የአባቷም። የእናንተ ትራስ ሥር እያደረ የእሷ ብቻ ሳሎን ይቅር ቢባል እሺ አትልም። ደግሞም እውነቷን ነው።

ቴሌግራሙ ግን ይመለስላት። ጓደኞቿ ጥያቄ ሲሠሩ እሷ በአባቷ ቁጣ ወደኋላ መቅረት የለባትም። ስልኩን ሲመልስላት አባቷ ራሱ በእጁ ይስጣት፤ በአንቺ በኩል አይላክላት። የተናደደው በሰውየው እንጂ በእሷ እንዳልሆነ ከራሱ አፍ ትስማው።