ከፈረንሳይ ገጠር እስከ ቆጵሮስ ዙፋን፦ ስለ ሉዚኛኖች ጥያቄና መልስ

ስለ ሉዚኛን ቤተሰብ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ከየት የመጡ ናቸው?

መልስ፦ ከምዕራብ ፈረንሳይ፣ ፖይቱ ከሚባለው ግዛት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ፖይቲዬ አቅራቢያ ምሽግ ሠርተው ሥር ሰደዱ። ሲጀምሩ የአካባቢ ባላባቶች ነበሩ፤ ከዚያ ያለፈ ስም አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያታቸው ግማሽ እባብ ነበረች የሚባለውስ?

መልስ፦ ሜሉዚን ናት፤ አፈ ታሪክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወገቧ በታች እባብ ትሆናለች። ባሏ ያን ቀን ላያያት ቃል ገብቶ ነበር፤ አጮልቆ አየና አጣት።

ጥያቄ፦ ጊ ደ ሉዚኛን ኢየሩሳሌምን ያስወሰደው ሰውዬ አይደል? እንዴት ነገሠ?

መልስ፦ በሚስቱ። በመስቀል ጦረኞች እጅ የነበረችው የኢየሩሳሌም ንጉሥ እህት ሲቢላ በ1180 አገባችው፤ በ1186 ስትነግሥ ዘውዱን በገዛ እጇ ደፋችለት። በዓመቱ የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላህዲን መጣ። ጊ ውሃ ካለበት ሰፈር አንነቃነቅ የሚለውን ምክር ማታ ተቀበለ፤ ሌሊቱን ግን ሐሳቡን ቀየረ። እኔ ጥፋቱ ይሄ ነው እላለሁ። ሠራዊቱ በሐሩር ሲጓዝ በውሃ ጥም አለቀ፤ ሃቲን የሚባል ቦታ ላይም ተሸነፈ።

ጊ ተማርኮ ድንኳን ገባ። ሳላህዲን ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠው። ጠጣና ጽዋውን አብሮት ለተማረከው የመስቀል ጦረኞች ባላባት ለሬይናልድ አቀበለው። በአገሩ ወግ ከማራኪው እጅ የጠጣ ምርኮኛ አይገደልም። ሳላህዲን ግን ሬይናልድን ያጠጣው እሱ እንዳልሆነ ተናገረና በሰይፍ መታው። ጊ ተረፈ፤ ኢየሩሳሌም በዚያው ዓመት በ1187 እጇን ሰጠች።

ጥያቄ፦ ተሸንፎ ቆጵሮስን እንዴት አገኘ?

መልስ፦ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው! በ1190 ሲቢላ ስትሞት የጊ ንግሥና መሠረቱ ተናደ። በ1191 የእንግሊዙ ሪቻርድ ልበ አንበሳ ቆጵሮስን ያዘና ለቴምፕላሮች፣ ማለትም ለተዋጊ መነኮሳት ማኅበር፣ በ100,000 ቤዛንት (የወርቅ ሳንቲም) ሸጠ። 40,000 ከፈሉ፤ ሕዝቡ ሲያምፅባቸው ደሴቲቱን መለሱ። ሪቻርድ በ1192 ለጊ አሳለፈለት። ወንድሙ ኤሜሪ በ1197 የንጉሥነት ዘውድ ጫነ። ቤተሰቡ፣ በኋላም በሴት በኩል ስሙን የወረሱት፣ ወደ 300 ዓመት ገዙ። በ1489 የመጨረሻዋ ንግሥት ካተሪና ደሴቲቱን ለቬኒስ አስረከበች።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ የቀሩትስ ዝም ብለው ተቀመጡ?

መልስ፦ ኧረ! በ1200 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን የሉዚኛኑን ጌታ የ9ኛውን ዩግ እጮኛ ኢዛቤላን ነጥቆ አገባ። ሉዚኛኖች ለፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ አቤት አሉ። ጆን ተጠርቶ አልቀርብም ሲል ፊሊፕ መሬቱን ወረሰበት፤ በ1204 ኖርማንዲ ከእንግሊዝ እጅ ወጣች። ጆን ሲሞት ኢዛቤላ አገሯ ተመለሰችና በ1220 የቀድሞ እጮኛዋን ልጅ አገባች። እሱ ደግሞ ለገዛ ልጇ የታጨ ነበር።

ጥያቄ፦ ዛሬ አሻራቸውን የት ላየው?

መልስ፦ ፋማጉስታ፣ ሰሜን ቆጵሮስ ሂድ። የቆጵሮስ ነገሥታት ለስም ያህል የኢየሩሳሌም ንጉሥ እየተባሉ ዘውድ የጫኑበት የቅዱስ ኒቆላዎስ ካቴድራል ቆሟል፤ አሁን መስጊድ ነው። ፊት ለፊቱን ያየ ሰው ፈረንሳይ ያለ ይመስለዋል።